ስም የለሹን ወንጀል የሰየሙት የሕግ ሰው፦ ራፋኤል ሌምኪን (1900–1959)

በአንድ አገር ውስጥ ሕግ የሚወጣበት መንገድ የታወቀ ነው። ረቂቅ ይዘጋጃል፤ ሥልጣን የተሰጠው አካል ይመክርበታል፤ ከጸደቀ በኋላ በአዋጅ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲያ የወደደውም ያልወደደውም ይገዛለታል። በመንግሥታት መካከል ግን እንዲህ ያለ ሕግ አውጪ የለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔ የዓለም ሸንጎ ቢሆንም፣ ሉዓላዊ መንግሥታትን በወንጀል ሕግ የሚያስገድድ ፓርላማ አይደለም። ጉባዔው በአንድ ድምፅ የተቀበለው ስምምነት እንኳ ሕግ ሆኖ የሚጸናው እያንዳንዱ መንግሥት በየራሱ ሥርዐት መርምሮ ሲያጸድቀው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዓለም አቀፍ ሕግ ከረቂቅ ተነሥቶ ኃይል እስኪያገኝ ድረስ ሁለት በሮችን ማለፍ አለበት፤ አንደኛው የጉባዔው አዳራሽ፣ ሁለተኛው የየአገሩ ዋና ከተማ ነው።

ይህን ረዥም መንገድ አንድን ሕግ ይዘው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሄዱት ራፋኤል ሌምኪን የተባሉ የፖላንድ ተወላጅ የሕግ ሊቅ ነበሩ። ሌምኪን የመንግሥት ልዑክ አልነበሩም፤ ገንዘብም ሆነ ጽሕፈት ቤት አልነበራቸውም፤ በጦርነቱ ምክንያት አገራቸውንና ቤተ ሰባቸውን አጥተው በስደት ይኖሩ ነበር። ይሁን እንጂ የዘር ማጥፋትን ወንጀል ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት እርሳቸው ባይኖሩ ኖሮ በዚያ ጊዜና በዚያ መልክ ይወጣ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በስተቀር፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ሌምኪን ጁን 24 ቀን 1900 ቮልኮቪስክ ከተባለችው ከተማ አጠገብ በምትገኝ ቤዝቮድኔ በተባለች መንደር ተወለዱ። ስፍራው በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበር፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የፖላንድ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ በቤላሩስ ውስጥ ይገኛል። ቤተ ሰቡ አይሁዳዊ ሲሆን አባታቸው በኪራይ የተያዘ መሬት የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። እናታቸው የተማሩ ሴት ስለ ነበሩ ልጆቻቸውን በቤታቸው አስቀምጠው ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አስተማሯቸው። ሌምኪን በልጅነታቸው የኔሮን ዘመን የክርስቲያኖች ሰማዕትነት የሚተርከውን የሲየንኪየቪችን ልብ ወለድ አንብበው፣ አንድ ንጉሥ አንድን ሕዝብ በሃይማኖቱ ምክንያት ሲያስፈጅ ተመልካቹ ለምን እንዳልተከላከለ እናታቸውን ይጠይቁ እንደ ነበረ በኋላ ስለ ራሳቸው ሕይወት በጻፉት መጽሐፍ ተርከዋል። ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ አልነበረም። በ1906፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከመኖሪያቸው በማይርቀው በቢያሊስቶክ ከተማ ብዙ አይሁዳውያን ተገድለዋል።

ከፍተኛ ትምህርታቸውን በልቮቭ ዩኒቨርሲቲ ተከታተሉ። በመጀመሪያ ያጠኑት የቋንቋን ጥናት ነበር፤ ሐሳባቸውን ወደ ሕግ የመለሰው በተማሪነታቸው ዘመን በርሊን ላይ የተፈጸመ አንድ ነገር ነው። በማርች 1921 ሶጎሞን ቴህሊሪያን የተባለ ወጣት አርመናዊ የኦቶማን መንግሥት የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበሩትን ታላት ፓሻን በአደባባይ ተኩሶ ገደለ። ታላት ፓሻ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአርመናውያን ላይ ለደረሰው እልቂት ዋና ተጠያቂ ከሚባሉት አንዱ ነበሩ። ገዳዩ ለፍርድ ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ። ሌምኪን ግን በፍርዱ ውጤት ሳይሆን ከፍርዱ በፊት በነበረው ነገር ተጨነቁ። አንድ ሰው የገደለ ሲከሰስ አንድን ሕዝብ ያስፈጀ ሹም ያልተከሰሰበት ምክንያት ምን እንደሆነ ፕሮፌሰራቸውን ጠየቁ። ያገኙት መልስ፣ ዶሮ አርቢ የገዛ ዶሮዎቹን ቢያርድ ማንም ሊገባበት እንደማይችል ሁሉ ሉዓላዊ መንግሥትም በገዛ ዜጎቹ ላይ የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ ነው የሚል ነበር። ሌምኪን ይህን መልስ ሊቀበሉት አልቻሉም። ዕድሜያቸውንም በሙሉ ይህን መልስ ውድቅ የሚያደርግ ሕግ ሲፈልጉ ኖሩ።

የማድሪዱ ረቂቅ

በሕግ የዶክተርነት ማዕረግ ከተቀበሉ በኋላ ከ1929 ጀምሮ በዋርሶ ምክትል ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሠሩ። በፖላንድ ሕጎችን በማሰባሰብና በማዘጋጀት ሥራም ተካፋይ ነበሩ። በዚህ ጊዜ በኤውሮፓ የወንጀል ሕግ ሊቃውንት ዘንድ የተለያዩ አገሮችን የወንጀል ሕጎች ወደ አንድ ወገን ለማቀራረብ ተከታታይ ጉባዔዎች ይደረጉ ስለ ነበር ሌምኪን በእነዚህ ስብሰባዎች ስማቸው ታወቀ።

በ1933 በማድሪድ ሊደረግ ለታሰበው ጉባዔ ያዘጋጁት ጽሑፍ ሁለት አዲስ ወንጀሎች እንዲደነገጉ የሚጠይቅ ነበር። የመጀመሪያው፣ አንድን ብሔራዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም የዘር ማኅበረሰብ ለማጥፋት የሚደረገውን ድርጊት የሚመለከት ሲሆን አረመኔነት ብለው ሰየሙት። ሁለተኛው፣ የዚያን ማኅበረሰብ የጥበብና የባህል ቅርስ ማውደምን የሚመለከት ሲሆን የቅርስ ጥፋት ማለት ነው። ወንጀሎቹን የፈጸመ ሰው የትም አገር ቢያዝ፣ ድርጊቱም የትም ቢፈጸም፣ በተያዘበት አገር ሊዳኝ ይገባል የሚለው ሐሳብ የረቂቁ ዋና ነጥብ ነበር። በዚያን ጊዜ የባሕር ላይ ወንበዴን የትኛውም መንግሥት ሊዳኝ እንደሚችል የታመነ ስለ ነበር፣ ሌምኪን ይኸው መሠረተ ሐሳብ ሕዝብን ለሚያጠፋም እንዲውል መጠየቃቸው ነበር።

ሂትለር ሥልጣን የያዘው በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ነው። የፖላንድ መንግሥት ሌምኪን ወደ ማድሪድ እንዳይሄዱ ከለከላቸው። ጽሑፋቸው ለተሰብሳቢዎች ቢታደልም ጉባዔው አልተቀበለውም። በሚቀጥለው ዓመት ከዐቃቤ ሕግነታቸው ወጥተው በዋርሶ በጥብቅና ሥራ ተሰማሩ። ረቂቁ በዚያ ዓመት ተቀባይ ማጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የዘመኑ መንግሥታት ሕግ በመካከላቸው ስላለው ግንኙነት እንጂ በየድንበራቸው ውስጥ ስለሚያደርጉት ነገር እንዲናገር አይፈቅዱም ነበር።

ስደትና መጽሐፍ

በሴፕቴምበር 1939 የጀርመን ጦር ፖላንድን በወረረ ጊዜ ሌምኪን ከዋርሶ ሸሹ። በመንገዳቸው ላይ ወላጆቻቸውን ጎበኙ፤ አብረዋቸው እንዲሄዱ ቢለምኗቸውም ወላጆቻቸው ከቤታቸው ለመነሣት አልፈቀዱም። ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። ሌምኪን በሊቱዌኒያ በኩል በ1940 ስዊድን ገቡ። በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ የጀርመን መንግሥት በያዛቸው አገሮች የሚያወጣቸውን አዋጆችና ደንቦች ማሰባሰብ ጀመሩ። ከዚያም በሶቪየት ኅብረት በኩል ምድሩን አቋርጠው በጃፓን በኩል ባሕሩን ተሻግረው በኤፕሪል 1941 አሜሪካ ደረሱ። በኖርዝ ካሮላይና የሚገኘው የዱክ ዩኒቨርሲቲ የተቀበላቸው፣ በዚያ ከሚያስተምሩ አንድ ፕሮፌሰር ጋር ከጦርነቱ በፊት የፖላንድን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወደ እንግሊዝኛ ስለ ተረጎሙ ነው። በኋላም በዋሽንግተን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በአማካሪነት ሠሩ።

ይዘዋቸው የተሰደዱት አዋጆች ለተራ አንባቢ ደረቅ ወረቀቶች ነበሩ። ስለ ነዋሪዎች ምዝገባ፣ ስለ ጋብቻ ፈቃድ፣ ስለ ንብረት መወረስ፣ ስለ ትምህርት ቋንቋ፣ ስለ ምግብ ራሽን የሚናገሩ ናቸው። ሌምኪን ግን እንደ ሕግ ባለሙያ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዘው ሲያነቡ አንድ እቅድ ታያቸው። ምግቡ በዘር ደረጃ ይከፋፈላል፤ ጋብቻ ይከለከላል፤ ቋንቋና የአምልኮ ስፍራ ይጠፋል፤ ምሁራን ይገደላሉ። እያንዳንዱ ደንብ ብቻውን ሲታይ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፤ በአንድነት ሲታይ ግን የአንድን ሕዝብ ሕይወት ከሥሩ ለመንቀል የተዘጋጀ ሥራ ነው።

ጥናታቸው በ1944 በዋሽንግተን በካርኔጊ የሰላም ተቋም አማካይነት ታተመ። ከ600 ገጽ በላይ የሆነው ይህ መጽሐፍ የአክሲስ ኃይሎች በያዟቸው የኤውሮፓ አገሮች ስላቆሙት አገዛዝ የሚተርክ ሲሆን፣ በዘጠነኛው ምዕራፍ አዲስ ቃል ይዞ ወጣ። ቃሉ ጄኖሳይድ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ዘር ወይም ነገድ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ መግደል ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደ ነው። ወጣቱ የቋንቋ ተማሪ የነበሩት ሌምኪን ቃሉን የመረጡት በጥንቃቄ ነበር፤ አዲስና አጭር በመሆኑ ከሌላ ወንጀል ስም ጋር ሊምታታ አይችልም።

በአማርኛ ዘር ማጥፋት የሚለው አነጋገር የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ በአማርኛ ዘር የሚለው ቃል በተለይ የደምና የትውልድ ሐረግን የሚያመለክት ሲሆን፣ የሌምኪን ቃል በሃይማኖት ወይም በብሔር የተሳሰረውን ማኅበረሰብም ያጠቃልላል። ሕጉን በአማርኛ የሚያነብና የሚተረጉም ባለሙያ ይህን ልዩነት ሊዘነጋው አይገባም።

ከኑርንበርግ ወደ ሌክ ሰክሰስ

ጦርነቱ ሲያበቃ ሌምኪን የአሜሪካው ዋና ከሳሽ የሮበርት ጃክሰን መሥሪያ ቤት አማካሪ ሆኑ። በኦክቶበር 1945 በናዚ መሪዎች ላይ በቀረበው የክስ ጽሑፍ ውስጥ ጄኖሳይድ የሚለው ቃል ገባ። ሌምኪን በዚሁ ወቅት ወላጆቻቸው መገደላቸውንና ከዘመዶቻቸው 49 ሰዎች ማለቃቸውን ተረዱ። ከቅርብ ቤተ ሰባቸው የተረፉት አንድ ወንድማቸውና የወንድማቸው ሚስትና ልጆች ብቻ ነበሩ።

ሴፕቴምበር 30 እና ኦክቶበር 1 ቀን 1946 የተነበበው ፍርድ ግን ቃሉን ከቶ አላነሣውም። ከዚህም የከበደው ነገር፣ ፍርድ ቤቱ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀልን ከጦርነቱ ጋር ማያያዙ ነው። በዚህ አተረጓጎም ከ1939 በፊት የጀርመን መንግሥት በገዛ ዜጎቹ ላይ የፈጸመው ከፍርድ ውጭ ቀረ። ማለትም አንድ መንግሥት ጎረቤቱን ሳይወር በገዛ አገሩ ውስጥ ሕዝብን ቢያጠፋ ያ የዶሮ አርቢው መልስ እንደ ጸና ነበር። ሌምኪን ይህን ዕለት በሕይወታቸው ካሳለፏቸው ዕለታት ሁሉ መራራ አድርገው ቆጥረውታል።

በፍርድ ቤት ያላገኙትን በጉባዔ ለማግኘት ወዲያው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። የጠቅላላ ጉባዔው ኮሚቴዎች በዚያን ጊዜ የሚሰበሰቡት በከተማው አጠገብ በሌክ ሰክሰስ ነበር። ሌምኪን በመተላለፊያው ላይ ልዑካንን እየጠበቁ፣ በየቋንቋቸው እያነጋገሩ፣ ማታ ማታ ደብዳቤ እየጻፉ፣ ጋዜጠኞችን እያስረዱ የውሳኔ ረቂቅ አዘጋጁ። ከታላላቆቹ መንግሥታት በፊት ወደ ታናናሾቹ መሄዳቸው የዘዴያቸው ዋና ክፍል ነበር። ጦር የሌለው መንግሥት ከሁሉ ይልቅ ሕግ ያስፈልገዋልና። ኩባ፣ ሕንድና ፓናማ ረቂቁን ለማቅረብ ተስማሙ። ዲሴምበር 11 ቀን 1946 ጠቅላላ ጉባዔው ዘር ማጥፋት በዓለም አቀፍ ሕግ የተወገዘ ወንጀል መሆኑን በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ የስምምነት ረቂቅ እንዲጠናም የኤኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤቱን አዘዘ።

በፓሪስ የተደረገው ድርድር

የመጀመሪያው ረቂቅ በ1947 በዋና ጸሐፊው ጽሕፈት ቤት ተዘጋጀ። ለዚህ ሥራ ሦስት ሊቃውንት ተጠሩ፤ እነርሱም ሌምኪን፣ የኑርንበርግ ዳኛ የነበሩት ፈረንሳዊው አንሪ ዶኔዲዩ ደ ቫብርና ሮማንያዊው ቬስፓሲያን ፔላ ነበሩ። ረቂቁ ሦስት ዐይነት ጥፋት ይለይ ነበር፤ ይኸውም አካልን ማጥፋት፣ ትውልድን ማቋረጥና ባህልን ማጥፋት ነው። ስለ ሦስተኛው ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው የባህል ጥፋት የዘር ማጥፋትን ትርጉም ከልክ በላይ ያሰፋዋል ሲሉ ሌምኪን ግን አንድ ሕዝብ ሰዎቹ በሕይወት ቢኖሩም ቋንቋው፣ መጻሕፍቱና አምልኮው ከጠፉ እንደ ሕዝብ መሞቱ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በ1948 የጸደይ ወራት ሰባት መንግሥታት የተወከሉበት ልዩ ኮሚቴ ረቂቁን እንደገና አዘጋጀው። በዚያው ዓመት መጸው ጠቅላላ ጉባዔው በፓሪስ በሻዮ ቤተ መንግሥት ተሰበሰበ። የሕግ ጉዳይ የሚመለከተው ስድስተኛው ኮሚቴ፣ በፓናማው በሪካርዶ አልፋሮ ሰብሳቢነት፣ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ተከራከረበት። ዓለም አቀፍ ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን ክርክር ቢያጠና ብዙ ይማራል። እያንዳንዱ መንግሥት የሌላውን በደል የሚይዝ፣ የራሱን ግን የማይነካ ቃል ይፈልግ ነበርና።

የባህል ጥፋት አንቀጽ በድምፅ ብልጫ ወደቀ። የሶቪየት ወገን መንግሥታትና የአረብ አገሮች ሲደግፉት ዩናይትድ ስቴትስና ብዙ የምዕራብ ኤውሮፓ መንግሥታት ተቃወሙት። የፖለቲካ ማኅበረሰቦች ጥበቃ በመጀመሪያ በድምፅ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን የሶቪየት ወገንና አንዳንድ የላቲን አሜሪካ መንግሥታት ስለ ተቃወሙት በኖቬምበር 29 እንዲወጣ ተደረገ። ቋሚ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት የማቆሙ ጉዳይም ለወደፊት ጥናት ተተወ።

ሌምኪን በእነዚህ ክርክሮች ውስጥ ያደረጉት ምርጫ በኋላ ብዙ ትችት አምጥቷል። የባህል አንቀጽ መውደቁ ልባቸውን ቢያቆስለውም ስምምነቱ በሙሉ እንዳይወድቅ ብለው አልገፉበትም። የፖለቲካ ማኅበረሰቦችን በተመለከተ ግን ከመውጣታቸው ጋር ተስማምተዋል፤ የፖለቲካ ቡድን እንደ ሃይማኖትና እንደ ብሔር ጽኑ አይደለም፣ ቢገባም መንግሥታት ስምምነቱን አያጸድቁትም የሚል ክርክር ነበራቸው። ሙሉ ሕግ ፈልጎ ባዶ እጅ ከመመለስ ጎደሎውን ይዞ መውጣት ይሻላል ብለው ቆርጠው ነበር።

ዲሴምበር 9 ቀን 1948 (ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም.) በአውስትራሊያው በኸርበርት ኤቫት ፕሬዚደንትነት ጠቅላላ ጉባዔው ስምምነቱን ያለ ተቃውሞ ተቀበለ። ስለ ሰብአዊ መብቶች የወጣው ዓለም አቀፍ መግለጫ የጸደቀው በማግሥቱ ነው። ጋዜጠኞች ሌምኪንን ሲፈልጓቸው በባዶው አዳራሽ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲያለቅሱ እንዳገኟቸው ይነገራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ድካሙ ጥሏቸው ሆስፒታል ገቡ።

የስምምነቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ዘር ማጥፋት በሰላምም ሆነ በጦርነት ጊዜ ቢፈጸም ወንጀል ነው። አንድን ብሔራዊ፣ ጎሣዊ፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ማኅበረሰብ በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት በማሰብ የሚፈጸሙ አምስት ድርጊቶች ተዘርዝረዋል። ሴራ፣ ማነሳሳት፣ ሙከራና ተባባሪነትም ያስቀጣሉ። ወንጀለኛው የአገር መሪ፣ ሹም ወይም ተራ ሰው ቢሆን ከቅጣት አያመልጥም። ተዋዋይ መንግሥታት ይህን በየአገራቸው ሕግ ለመደንገግ ግዴታ ይገባሉ። በኑርንበርግ ክፍት የቀረው በር በመጀመሪያው አንቀጽ ተዘጋ።

ሁለተኛው በር

ስምምነቱ ኃይል የሚያገኘው ሃያ መንግሥታት ሲያጸድቁት ነበር። ሌምኪን በዬል ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ለየአገሩ ሚኒስትሮች፣ የፓርላማ አባሎች፣ የሃይማኖት መሪዎችና የሴቶች ማኅበራት ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር።

ከሁሉ በፊት ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ስምምነቱን ዲሴምበር 11 ቀን 1948 ፈርማ፣ የማጽደቂያ ሰነዷን ጁላይ 1 ቀን 1949 (ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.) አስገባች፤ አውስትራሊያ በሳምንቱ ተከተለች። የኢትዮጵያ ቀዳሚነት በዓለም አቀፍ ሕግ ታሪክ ውስጥ ሲጠቀስ ይኖራል። ከዚያ ከ13 ዓመት በፊት በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርባ የጋራ ደኅንነት ቃል ኪዳን እንዲከበርላት ጠይቃ ያልተሰማላት አገር ነበረች። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለው የ1925 ስምምነት እያለ ጋዝ ዘንቦባታል፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በግንቦት ወር ደግሞ በደብረ ሊባኖስ ገዳም የደረሰው እልቂት ለፍርድ አልቀረበም። ሕግ ሳይደርስላት የቀረ መንግሥት አዲሱን ሕግ በመቀበል ቀዳሚ ሆነች ማለት ነው።

ኦክቶበር 14 ቀን 1950 የሚፈለገው ቁጥር ሞላ፤ ስምምነቱም ጃንዋሪ 12 ቀን 1951 (ጥር 4 ቀን 1943 ዓ.ም.) የጸና ሕግ ሆነ።

ሌምኪን የተሸነፉት በተጠጉባት አገር ነው። ፕሬዚደንት ትሩማን ስምምነቱን በ1949 ለሴኔቱ አቀረቡ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በቀረበው መልኩ እንዳይጸድቅ ወሰነ። የአንድን ወንጀል ፍርድ ወደ አገሮች ስብሰባ ያወጣል፣ የክፍላተ አገሩን ሥልጣን ይቀንሳል የሚል ክርክር ነበረው። በዚህ ሥር ያለው ስጋት በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የሚደርሰው በደል በዓለም አደባባይ ሊጠየቅበት ይችላል የሚል እንደ ሆነ ብዙዎች ተገንዝበውታል። በ1951 ዊልያም ፓተርሰንና ፖል ሮብሰን ይህንኑ በደል ዘር ማጥፋት ነው ብለው ለተባበሩት መንግሥታት አቤቱታ ባቀረቡ ጊዜ ሌምኪን ክሱን ተቃወሙ፤ በአድልዎና በማጥፋት መካከል ልዩነት አለ፣ ክሱም ሶቪየት ኅብረትን ይጠቅማል የሚል ነበር ምክንያታቸው። የሴኔቱን ድጋፍ እንዳያጡ ያደረጉት ነው ቢባል እንኳ፣ አቤት ባዮቹ ያቀረቡትን ማስረጃ በሚገባው ክብደት አለመመርመራቸው በሥራቸው ላይ የሚታይ ጉድለት ነው። የፈለጉትንም አላስገኘላቸውም። በ1953 የአይዘንሃወር መንግሥት ጉዳዩን እንደማይገፋበት አስታወቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የድህነት ናቸው። ቋሚ ሥራ አልነበራቸውም፤ ትዳር አልመሠረቱም። ለኖቤል የሰላም ሽልማት ከአንድ ጊዜ በላይ ቢታጩም አላገኙትም። ከጥንት ጀምሮ ስለ ደረሱ እልቂቶች ሰፊ ታሪክ ይጽፉ ነበር፤ የራሳቸውንም ሕይወት ጀምረው ነበር፤ ሁለቱም ሳይፈጸሙ ኦገስት 28 ቀን 1959 በኒው ዮርክ በልብ ድካም በድንገት ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ስለ ራሳቸው የጻፉት ጽሑፍ የታተመው በ2013 ነው።

ከሞታቸው በኋላ

የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1976 አቋሙን ለወጠ፤ ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር ከ1967 ጀምረው ከ3,000 ጊዜ በላይ በሴኔቱ ከተናገሩለት በኋላ ዩናይትድ ስቴትስ በ1988 አጸደቀችው። በፓሪስ የተተወው የፍርድ ቤት ጉዳይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆየ። የሩዋንዳው ልዩ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 1998 ዣን ፖል አካየሱን ጥፋተኛ ሲያደርግ፣ በዓለም አቀፍ ችሎት ስምምነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት በሮማ የወጣው የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሕግ የ1948ቱን ትርጉም እንዳለ ወስዶታል። ስምምነቱን የተቀበሉ መንግሥታት ቁጥር ከ150 በላይ ደርሷል።

በኢትዮጵያ የሆነው ግን ለሕግ ባለሙያ ልዩ ትምህርት አለው። በስዊሳዊው ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 281 የዘር ማጥፋትን ወንጀል ሲደነግግ በስምምነቱ ውስጥ ያልተካተቱትን የፖለቲካ ማኅበረሰቦች ጨመረ። በፓሪስ በድርድር የወጣው ቃል በአዲስ አበባ ተመልሶ ገባ። ቃሉ ለብዙ ዓመት የወረቀት ላይ ቃል ሆኖ ቆየ። በቀይ ሽብር ዘመን ለተፈጸመው ግድያ የደርግ ባለ ሥልጣኖች በ1987 ዓ.ም. ለፍርድ ሲቀርቡ ግን የክሱ ምሰሶ ሆነ። ተከሳሾች የፖለቲካ ቡድን በዓለም አቀፉ ስምምነት አልተጠበቀም ብለው ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤቱ የአገሪቱ ሕግ ከስምምነቱ የሰፋ ጥበቃ ሊሰጥ እንደሚችል ወሰነ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት፣ ሌሎቹም በችሎት ፊት፣ በአብላጫ ድምፅ ጥፋተኞች ተባሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 269 የፖለቲካ ቡድንን ጥበቃ ጠብቆ ቆይቷል።

ይህ ታሪክ የሌምኪንን ምርጫ ከሁለት ወገን ያሳያል። የፖለቲካ ቡድን ጽኑ ማኅበረሰብ አይደለም ያሉት፣ የአዲስ አበባ ልምድ እንደሚመሰክረው፣ አልቀና። ነገር ግን በ1948 ጎደሎውን ሕግ ይዘው ባይወጡ ኖሮ፣ የአገር ሕግ አውጪ የጎደለውን የሚሞላበት መሠረት ባልኖረ ነበር። የዓለም ጉባዔ የሚያወጣው ሕግ ከሁሉ ያነሰውን የጋራ ልክ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ መሄድ የየአገሩ የሕግ ሰዎች ሥራ ነው።

የስምምነቱ ርእስ ሁለት ግዴታ ይናገራል፤ መከላከልና መቅጣት። ሁለተኛው ቢዘገይም ተጀምሯል። መከላከል የተባለው ግን በሩዋንዳም ሆነ በስሬብሬኒጻ ሳይደርስ ቀርቷል። ሌምኪን በስቶክሆልም ከፊታቸው ያኖሯቸው ስለ ምዝገባ፣ ስለ ራሽንና ስለ ጋብቻ የሚናገሩ ወረቀቶች ግድያው ገና በሰፊው ሳይጀመር የወጡ ነበሩ፤ አብዛኞቹንም ያረቀቁት፣ የፈረሙትና ሥራ ላይ ያዋሉት የሕግ ትምህርት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ወንጀሉ ገና ደንብ ሳለ ሊያነበውና ሊያውቀው የሚችል ከእነዚህ ጋር አንድ ዐይነት ትምህርት የተማረ ሰው ነው፤ ሌምኪንም ለሙያ ባልደረቦቻቸው የተዉት ሥራ ይህ ነው።